የዴስክቶፕ መተግበሪያ የፕሮክሲ ሴቲንግ፦ ከአምስቱ ምርጫዎች የትኛው ለማን ይስማማል?

በደሴ ላፕቶፕ ይዞ የሚሠራ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ኔትወርኮችን ሊጠቀም ይችላል፤ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱን ወይም የግቢውን ዋይፋይ፣ ከሰዓት በኋላ የሞባይሉን ሆትስፖት፣ ማታ ደግሞ የቤቱን ብሮድባንድ። ከሦስቱ አንዱ በፕሮክሲ በኩል ካልሆነ የማያሳልፍ፣ ሁለቱ ግን ፕሮክሲ የሌላቸው ሲሆኑ ግራ መጋባቱ ይጀምራል። ፋየርፎክስ፣ ተንደርበርድ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕና ሊብሬኦፊስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የግንኙነት ሴቲንግ አላቸው፤ የምርጫዎቹ ስሞች ስለሚመሳሰሉም አብዛኛው ተጠቃሚ የባልደረባውን ማሽን አይቶ እንዳለ ይገለብጣል። የባልደረባው ማሽን ከቢሮ ወጥቶ የማያውቅ ሊሆን እንደሚችል ግን ልብ አይልም።

ፕሮክሲ በኮምፒውተራችንና በኢንተርኔት መካከል ሆኖ ጥያቄያችንን የሚቀበልና በራሱ አድራሻ ወደ ውጭ የሚልክ ሰርቨር ነው። ተቋማት የሚያቆሙት የአጠቃቀም መዝገብ ለመያዝ፣ የተወሰኑ ድረ ገጾችን ለመዝጋት ወይም ውስን የሆነውን የመስመር አቅም ለማከፋፈል ነው። መተግበሪያው ፕሮክሲውን እንዲያገኝ አድራሻውንና የፖርት ቁጥሩን፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ የሚገባበትን በር ቁጥር፣ ማወቅ አለበት። በነፃ የሚገኘውና በሰፊው የሚሠራበት ስኩዊድ የተባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ካልተቀየረ በስተቀር በፖርት 3128 ይሠራል፤ 8080ም የተለመደ ነው፤ ሶክስ የሚባለው የፕሮክሲ ዓይነት ደግሞ በ1080 ይታወቃል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አምስት ምርጫዎች የሚለያዩት ይህን አድራሻ ማን ይጽፈዋል፣ የትስ ይጻፋል በሚለው ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የኔትወርኩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ኔትወርኩ የተቋም ሆኖ ወደ ውጭ የሚያሳልፈው በፕሮክሲ ብቻ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ፕሮክሲ ልጠቀም ወይስ ልተው ብሎ የሚመርጥበት ዕድል የለውም፤ የሚመርጠው አድራሻውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ነው። መስመሩ የራሱ ከሆነ ግን ፕሮክሲ ከነጭራሹ ላያስፈልገው ይችላል።

ሁለተኛው ማሽኑ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል ወይ የሚለው ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ውሳኔውን የሚያጋድለው ይኸኛው ነው፤ ሰው ቅሬታ የሚያሰማበት ብልሽት በአብዛኛው የሚመጣው ለአንድ ቦታ የተሠራ ሴቲንግ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነውና። ሦስተኛው የማሽኖቹ ብዛት ነው፤ ሦስት ኮምፒውተር በእጅ ማስተካከል ቀላል ነው፣ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ስልሳ ማሽን ላይ መዞር ግን ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። አራተኛው መተግበሪያው ምን ዓይነት ሴቲንግ ይቀበላል፣ ፕሮክሲው የይለፍ ቃል ቢጠይቅስ የማስገቢያ ቦታ አለው ወይ የሚለው ነው። አምስተኛው የምስጢር ጉዳይ ሲሆን፣ ስድስተኛውና በእኛ አካባቢ ችላ ሊባል የማይገባው መብራት ሲጠፋ የትኛው ግንኙነት ይተርፋል የሚለው ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ሴቲንጎቹ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ወጪ የሚመጣው የራስን ፕሮክሲ ሰርቨር ለማቆም ሲታሰብ ነው፤ እርሱም ማሽን፣ ዩፒኤስና የሚከታተለው ባለሙያ ይጠይቃል።

አንደኛ፦ ያለ ፕሮክሲ በቀጥታ መገናኘት

ቤት ውስጥ፣ በሞባይል ዳታና በአነስተኛ ንግድ ቤት መስመር ላይ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ማብራሪያም አይፈልግም። መታወቅ ያለበት አንድ ነገር በፋየርፎክስ ውስጥ «ፕሮክሲ አይኑር» የሚለው ትእዛዝ የሲስተሙን ሴቲንግ የሚሽር መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፕሮክሲ ተሞልቶ እያለ ፋየርፎክስ ይህን ከያዘ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ብራውዘር ኤጅ ገጽ ሲከፍት ፋየርፎክስ ባዶ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፦ የሲስተሙን ሴቲንግ መከተል

በዚህ ምርጫ መተግበሪያው የራሱን አድራሻ አይይዝም፤ በዊንዶውስ ወይም በኡቡንቱ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ የተጻፈውን ይወስዳል። ፋየርፎክስ ሲጫን የሚመጣው በዚህ ነው፤ ክሮምና ኤጅ ደግሞ የራሳቸው የፕሮክሲ ሣጥን ስለሌላቸው ሊንኩ ሲነካ በቀጥታ የሲስተሙን መስኮት ይከፍታሉ። ቴሌግራም ዴስክቶፕም በግንኙነት ዓይነት ዝርዝሩ ውስጥ ይህንኑ ይዟል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አድራሻው ሲቀየር አንድ ቦታ ብቻ ይስተካከልና ሁሉም ይከተላል። ሌላ ምክንያት የሌለው ተጠቃሚ ከዚህ እንዲነሣ እመክራለሁ።

ሆኖም ሦስት ክፍተቶች አሉት። አንደኛው፣ የዊንዶውስ የፕሮክሲ መስኮት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ፕሮክሲው የይለፍ ቃል ሲፈልግ 407 የሚል መልስ ይሰጣል፤ ብራውዘር ይህን ሲያይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ይጠይቃል፣ መጠየቅ የማያውቅ መተግበሪያ ግን ምንም ሳይናገር «በመገናኘት ላይ» እያለ ይቀራል። ብራውዘሩ እየሠራ ሌላው መተግበሪያ ብቻ እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት፣ ሁሉም ሶፍትዌር ሲስተሙን አያዳምጥም። አንዳንድ ጸረ ቫይረሶች የማዘመኛ ፕሮክሲያቸውን በራሳቸው ሴቲንግ ውስጥ ይጠይቃሉ፤ ከበስተጀርባ የሚሠሩ የዊንዶውስ አገልግሎቶችም በተጠቃሚው መስኮት የተሞላውን ሳያዩ ሊቀሩ ይችላሉ። ሦስተኛው ደግሞ በስልክና በኮምፒውተር መካከል ካለው ልዩነት ይመነጫል። የአንድሮይድ ስልክ ፕሮክሲን የሚይዘው ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻ ስለሆነ ከግቢ ሲወጣ ራሱ ይተወዋል። በዊንዶውስ በእጅ የተሞላ ፕሮክሲ ግን ለሁሉም ዋይፋይ አንድ ነው፤ ማሽኑ ወደ ወልድያም ይሂድ ወደ መካነ ሰላም አብሮት ይጓዛል።

ሦስተኛ፦ በእጅ መሙላት

ይህ በብዛት የሚሠራበትና በብዛት የሚበላሸው ምርጫ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ተገቢ ነው። ተጠቃሚው አድራሻውንና ፖርቱን በመተግበሪያው ውስጥ ራሱ ይጽፋል። በፋየርፎክስ ከሴቲንግ ገጽ ግርጌ «የኔትወርክ ሴቲንግ» የሚለውን ስንከፍት ለኤችቲቲፒ፣ ለኤችቲቲፒኤስና ለሶክስ የተለያዩ ሣጥኖች እናገኛለን። ተራው የተቋም ፕሮክሲ ኤችቲቲፒ ስለሆነ በመጀመሪያው ሣጥን ይጻፍና፣ ለኤችቲቲፒኤስም ይኸው ያገልግል የሚለው ምልክት ይደረግበታል። የኤችቲቲፒ ፕሮክሲን አድራሻ በሶክስ ሣጥን ውስጥ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ የሚግባቡበት ደንብ የተለያየ በመሆኑ ፖርቱ ትክክል ቢሆንም ግንኙነቱ አይፈጠርም። በእርግጥ ሶክስ 5 የተሰጠው ሰው፣ የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የመቀየሩ ሥራ ማለትም ዲኤንኤስም በፕሮክሲው በኩል እንዲሄድ የሚያደርገው ምልክት መኖሩን ያረጋግጥ፤ የውስጥ ኔትወርኩ የውጭ ስሞችን የማይመልስ ከሆነ ያለዚህ ምልክት አንድም ገጽ አይከፈትም።

ከሣጥኖቹ በታች ያለውና ብዙ ሰው ባዶ የሚተወው «ፕሮክሲ የማይነካቸው አድራሻዎች» የሚለው ቦታ ነው። የቢሮው የፋይል ሰርቨርና የፕሪንተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ስለሆኑ በፕሮክሲ መዞር የለባቸውም፤ ካልተገለሉ ፕሪንተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ገጹ አልተገኘም ሊባል ይችላል። አጻጻፉ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል፤ ፋየርፎክስ በኮማ ለይቶ 192.168.1.0/24 የሚለውን ዓይነት ሲቀበል፣ ዊንዶውስ በሴሚኮሎን ለይቶ 192.168.1.* የሚለውን ይፈልጋል። የአንዱን ገልብጦ ሌላው ላይ መለጠፍ አያስኬድም።

በእጅ መሙላት በቋሚ ማሽን ላይ አስተማማኝ ነው፤ ምን እንደተጻፈ በዓይን ይታያልና። በተንቀሳቃሽ ላፕቶፕ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከደሴ ግቢው ዓርብ ማታ ወደ ሐይቅ ወላጆቹ ቤት የሄደ ተማሪ ፋየርፎክስን ሲከፍት «ፕሮክሲ ሰርቨሩ ግንኙነት አልተቀበለም» ወይም ገጹ ጊዜው አለፈበት የሚል መልእክት ያገኛል። እዚያው ዋይፋይ ላይ የእኅቱ ስልክ ያለ ችግር ቪዲዮ ያሳያል። ስለዚህ ላፕቶፑ ተበላሽቷል ወይም ቫይረስ ገብቶበታል ተብሎ ወደ ጥገና ይወሰዳል፤ ፎርማት ተደርጎ ሲመለስም በእርግጥ ይሠራል፣ ፎርማቱ ሴቲንጉን አጥፍቶታልና። ለአንዲት ምልክት ሲባል ፋይልም ገንዘብም ይጠፋል ማለት ነው።

በእጅ መሙላት የግድ የሚሆንበት ሁኔታም አለ። ፕሮክሲው የይለፍ ቃል ሲጠይቅና መተግበሪያው የሲስተሙን ሲከተል መጠየቅ ሳይችል ሲቀር፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በራሱ የፕሮክሲ መስኮት ውስጥ ለተጠቃሚ ስምና ለይለፍ ቃል ቦታ አለው። ይሁን እንጂ በተለመደው መሠረታዊ የማረጋገጫ ዘዴ የይለፍ ቃሉ ወደ ፕሮክሲው የሚሄደው ሳይመሰጠር ነው፤ ለፕሮክሲ የሚሰጠው የይለፍ ቃል ለኢሜይል ወይም ለባንክ ከሚያገለግለው ጋር አንድ መሆን የለበትም።

አራተኛ፦ አውቶማቲክ ፍለጋ

እዚህ መተግበሪያው «በዚህ ኔትወርክ ላይ ፕሮክሲ አለ ወይ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ጥያቄው በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንዱ የአይፒ አድራሻ በሚያድለው ዲኤችሲፒ በኩል በአማራጭ ቁጥር 252፣ ሌላው ደብሊውፓድ የተባለውን ስም በዲኤንኤስ በመፈለግ። በመልሱ የሚያገኘውም ከዚህ በታች በአምስተኛው ምርጫ የምናየውን የመመሪያ ፋይል ነው። ለተንቀሳቃሽ ላፕቶፕ ሲታሰብ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግቢ ሲገባ ፕሮክሲውን ያገኛል፣ ሲወጣ ይተወዋል።

ችግሩ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በሆቴል፣ በካፌ ወይም በአውቶቡስ መናኸሪያ ነፃ ዋይፋይ ላይ ሌላ ተጠቃሚ «ፕሮክሲው እኔ ነኝ» ብሎ ቢመልስ የመተግበሪያው ትራፊክ በእርሱ ማሽን በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር አደጋ ቡድን የውስጥ የደብሊውፓድ ስሞች ወደ ውጭ እየሾለኩ መጠቃት እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ተቋሙ ይህን አገልግሎት በትክክል ማዘጋጀቱን ያላረጋገጠ ሰው ይህን ምርጫ ባይዝ ይሻለዋል። ዊንዶውስ ላይ «በራስህ ፈልግ» የሚለው ማብሪያ ብዙውን ጊዜ በርቶ ስለሚገኝ፣ የማያስፈልገው ሰው ቢያጠፋው አይጎዳም።

አምስተኛ፦ የፓክ ፋይል

እ.ኤ.አ. በ1996 ከኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 ጋር የመጣው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ያለ ምክንያት አይደለም። የኔትወርኩ ባለሙያ በጃቫስክሪፕት አጭር መመሪያ ይጽፋል፤ መመሪያውም ለየትኛው አድራሻ ፕሮክሲ፣ ለየትኛው ቀጥታ መንገድ እንደሚወሰድ ይወስናል፣ ዋናው ፕሮክሲ ካልመለሰም ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ቀጥታ እንዲዞር ሊያዝ ይችላል። ፋይሉ በተቋሙ የውስጥ ሰርቨር ላይ ይቀመጥና ተጠቃሚዎች አድራሻውን ብቻ በመተግበሪያው ወይም በሲስተሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ፕሮክሲው ቢቀየር የሚስተካከለው አንዱ ፋይል ነው።

ለላፕቶፕ ባለቤት ትልቁ ጥቅም ከግቢ ውጭ ሲሆን ይታያል። የፋይሉ ሰርቨር ስለማይገኝ ብራውዘሮቹ በተለመደው ሁኔታ ጥቂት ዘግይተው ወደ ቀጥታ ግንኙነት ያልፋሉ፤ ተጠቃሚው ምንም መንካት አይጠበቅበትም። ጉድለቱ ሁሉም መተግበሪያ ፓክን የሚያነብ አለመሆኑ፣ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ተቋሙ በሙሉ መታወኩና ባለሙያ መጠየቁ ነው። ፋይሉ ሲታረምም መተግበሪያው የያዘውን አሮጌ ቅጂ እንዲተው «እንደገና ጫን» የሚለውን መንካት ወይም ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ምርጫ | ለሚንቀሳቀስ ላፕቶፕ | ለብዙ ማሽን | የይለፍ ቃል | የደኅንነት ስጋት | ፕሮክሲው መብራት ሲያጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ | ፕሮክሲ በሌለበት ሁሉ ይሠራል | ቀላል | አያስፈልግም | በፕሮክሲ በኩል የለም | አይነካውም |
| ሲስተሙን መከተል | ሲስተሙ ውስጥ እንደተሞላው | ጥሩ | ሁሉም መተግበሪያ አይጠይቅም | ዝቅተኛ | ሲስተሙ ውስጥ እንደተሞላው |
| በእጅ መሙላት | አይመከርም | አድካሚ | በመተግበሪያው ይወሰናል | አድራሻው በማን እንደተሰጠ ይወሰናል | እስኪቀየር ይቆማል |
| አውቶማቲክ ፍለጋ | ምቹ ግን አደገኛ | ጥሩ | ብራውዘር ይጠይቃል | በሕዝብ ዋይፋይ ከፍተኛ | እንደ መመሪያው |
| የፓክ ፋይል | በጣም ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ | ብራውዘር ይጠይቃል | ዝቅተኛ፣ ፋይሉ ከተጠበቀ | ተለዋጭ መንገድ ከተጻፈለት ይቀጥላል |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ግቢና ቤት የሚመላለስ ተማሪ ወይም መምህር፣ ተቋሙ የፓክ አድራሻ ካለው እርሱን ይውሰድ። ከሌለው ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ፋየርፎክስ ላይ ብቻ የግቢውን ፕሮክሲ በእጅ ይሙላ፣ ሲስተሙን ግን ያለ ፕሮክሲ ይተወው። ግቢ ውስጥ በፋየርፎክስ፣ ከግቢ ውጭ በኤጅ ወይም በክሮም መሥራት ሴቲንግ ከመቀያየር ያድናል።

በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አራት ኮምፒውተር ይዞ ጽሕፈትና ኢንተርኔት የሚያገለግል ሰው «ስኩዊድ ብተክል ዳታ ይቆጥብልኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሴ አይቆጥብም የሚል ነው። ፕሮክሲ ገጾችን አስቀምጦ ዳታ ይቆጥባል የሚለው የቀድሞ ምክር ገጾች ሳይመሰጠሩ በሚጓዙበት ዘመን የተሰጠ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚመጣ ፕሮክሲው ይዘቱን ማየት አይችልም፣ ያላየውን ደግሞ አስቀምጦ ለሁለተኛ ደንበኛ ሊሰጥ አይችልም። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ የሚቆም ተጨማሪ ማሽን መካከል ላይ ያስገባል። ቀጥታ ግንኙነት ይያዝ፤ የታሰበውን ገንዘብም ለራውተሩ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ይግዛበት። ዳታውን ለመቆጠብ በዊንዶውስ ላይ መስመሩን «ሜተርድ»፣ ማለትም ዳታው ውስን የሆነ መስመር፣ ብሎ መመደብ ይችላል። ሜተርድ ማድረግ የማይፈልግ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚለው ሴቲንግ ማሽኖቹ ማዘመኛን ከውስጥ እርስ በርሳቸው እንዲካፈሉ ያድርግ።

የማይንቀሳቀሱ አሥር ወይም አሥራ አምስት ማሽኖች ያሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የፕሮክሲ አድራሻ ከበላይ አካል ከተሰጠው፣ በየመተግበሪያው ሳይሆን በዊንዶውስ ውስጥ በእጅ ይሙላውና መተግበሪያዎቹ ሲስተሙን ይከተሉ። የውስጥ ሰርቨሮችን በማግለያው ሣጥን ውስጥ መጻፍ አይዘንጋ። አድራሻው፣ ፖርቱና ማግለያው በአንድ ወረቀት ተጽፎ ፋይል ቢደረግ ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም።

በኮምቦልቻ እንደሚገኙት ዓይነት ፋብሪካዎች ወይም የራሱ የአይሲቲ ክፍል ያለው ኮሌጅ ከሆነ የፓክ ፋይል ድካሙን ይክሳል። ፕሮክሲውና ፋይሉን የሚያቀርበው ሰርቨር በዩፒኤስ ወይም በጀነሬተር ላይ ይሁኑ፤ የደብሊውፓድን ስምም ክፍሉ ራሱ በውስጥ ዲኤንኤሱ ላይ ይያዘው፣ ሌላ እንዳይይዘው። በላሊበላ ያለ ሆቴል ደግሞ የእንግዶችን ዋይፋይ ከእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ኔትወርክ ይለየው፤ ለእንግዶች ፕሮክሲ አያስፈልግም፣ የመጣ ቱሪስት ሁሉ ሴቲንግ እንዲሞላ መጠየቅም የሚሆን ነገር አይደለም።

ለቴሌግራም ብቻ ፕሮክሲ የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። በቻናሎች የሚዘዋወሩት ነፃ አድራሻዎች በአብዛኛው ለቴሌግራም ብቻ የተሠሩ፣ ኤምቲፕሮቶ የሚባሉ ናቸው፤ ባለቤታቸው የመልእክቱን ይዘት ማንበብ ባይችልም የተጠቃሚውን አይፒ አድራሻ ያያል፣ ስፖንሰር ያደረገውን ቻናልም በውይይት ዝርዝሩ አናት ላይ ሊያሳይ ይችላል። ያልተጠራ ቻናል እዚያ ከታየ ምንጩ ይህ ነው። እነዚህን አድራሻዎች በሲስተሙ ሴቲንግ ውስጥ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ብራውዘር አይጠቀምባቸውም።

የትኛውም ተመርጦ ሲጨረስ በሁለት ኔትወርክ ይፈተን፤ መጀመሪያ በቢሮው ዋይፋይ ወይም ኬብል፣ ከዚያ የሞባይል ሆትስፖት ተከፍቶ። በሁለቱም ብራውዘሩ አንድ የውጭ ገጽና አንድ የውስጥ አድራሻ ይክፈት፤ በሆትስፖት የውስጡ አለመከፈቱ ትክክል ነው፣ የውጭው አለመከፈቱ ግን ፕሮክሲው በማሽኑ ላይ መቅረቱን ያሳያል።